አርባ አንጎል

«ነገ ስንመጣ እንደማታውቂኝ ሁኚልኝ» አለቻት ዕድላዊት እናቷን፣ በስልክ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሊሻን ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሐል ይዛ በሁለት እጇ ጭቃ ታሽ ስለነበር፣ የሰማችው ነገር የኔትወርክ ችግር መሰላት። «አልሰማሁሽም» አለች። ልጅቷ ደገመችው። በሁለተኛው ኔትወርኩ በጣም ጥሩ ነበር።

ምክንያቱን መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሊሻን ሸክላ ሠሪ ናት። እናቷም ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ የእናቷም እናት። በተወለደችበት የጋሞ ደጋ የሸክላ ሠሪ ልጅ የሚያገባው የሸክላ ሠሪ ልጅ ነው፤ ከሌላው ሰው ጋር አንድ ትሪ ላይ እጁን አያስገባም። አርባ ምንጭ ከወረደች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። እዚህ ይሄ ነገር ቀርቷል ይባላል። ቀርቷል የሚሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያውኑ ያልደረሰባቸው ናቸው። ዕድላዊት የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ናት፤ ዶርም ውስጥ አብረዋት የሚኖሩት ልጆች እናቷን «ነጋዴ» ብለው ነው የሚያውቋት። ውሸት አይባልም። ድስትም እንስራም ይሸጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕድላዊት የገባችበት የበጎ ፈቃደኞች ክበብ ሥዕልንና የአንጎል ሳይንስን አጋብቶ በየትምህርት ቤቱ እየዞረ ያስተምራል። ለልጆቹ በሸክላ የተሠራ አንጎል ይሰጣቸዋል፣ ክፍሎቹን በየቀለማቸው ይቀባሉ፣ ከዚያ በኋላ አንጎል ይገባቸዋል ተብሎ ይታመናል። ብዛቱ አርባ እንዲሆን የወሰነው የክበቡ ሰብሳቢ ነው፤ «አርባ ምንጭ፣ አርባ አንጎል» ብሎ፣ በዚህች አባባል አንድ ሳምንት ሙሉ ሲደሰት ከረመ። ሸክላ ሠሪ የሚያውቅ አለ ወይ ሲባል ዕድላዊት «አንዲት ሴትዮ አውቃለሁ» አለች። ለሌላ ሰው ልትሰጠው ትችል ነበር። ሥራው የእናቷ እንዲሆን ፈለገች፤ እናቷ ግን የእሷ እንዳትሆን ፈለገች። ሁለቱ ፍላጎቶች በአንድ ጭንቅላት ውስጥ እንዴት አብረው እንደሚያድሩ ክበቡ ገና አላጠናውም።

«እሺ» አለች ሊሻን። «ካላወቅሁሽ ግን አማርኛም አላውቅም።»

«እማ፣ ምን ማለትሽ ነው?»

«የጋሞኛ አስተርጓሚያቸው አንቺ አይደለሽም? እኔ አማርኛ ከቻልኩ አንቺ ምን ልትሠሪ ነው?»

ሃያ ሁለት ዓመት ሲቀላ ገበያ ተቀምጣ በአማርኛ ስትከራከር፣ በአማርኛ ስትሰደብና በአማርኛ መልስ ስትሰጥ የኖረች ሴት፣ ቋንቋውን እንደ ነጠላ አጣጥፋ አስቀመጠችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሚኒባሱ በኮረኮንቹ ላይ እየተንገጫገጨ መጣ። አርባው አንጎል ያደረው አልጋዋ ላይ ነው፤ በአንዲቷ ክፍል ውስጥ ዶሮ የማትደርስበት ሌላ ቦታ የለም። እሷ ሰሌን አንጥፋ መሬት ላይ ተኛች። ዕድላዊት ወረቀት ላይ የታተመውን የአንጎል ሥዕል በባጃጅ ነጂ የላከችላት ቀን የበግ ጨጓራ ነበር የመሰላት፤ ሁለት ሦስት ከሠራች በኋላ ግን እጇ ለመደው። እያንዳንዱ እንደ ለውዝ ለሁለት ይከፈታል፣ ሲገጥም ደግሞ ስንጥቁ አይታይም። ዙሪያውን ያለውን እጥፋት በቀርከሃ ስንጥር አንድ በአንድ አውጥታዋለች። አርባ ስድስት ሠርታ ስድስቱ እሳቱን አልቻሉትም።

ከሚኒባሱ ሦስት ሰዎች ወረዱ። ሁሉም ነጭ ካናቴራ ለብሰዋል፤ ደረቱ ላይ ባለ ቀለም አንጎል፣ ጀርባው ላይ «ሁሉም አንጎል እኩል ነው» የሚል ጽሑፍ አለው። ፊት የመጣው ሰብሳቢው አሮን ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ የአምስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ፣ ሰውን በሁለት እጁ የሚጨብጥ። ከኋላው ፀደይ፣ የሥነ ሕንፃ ተማሪ፣ የቀለሙና የፎቶው ኃላፊ። በመጨረሻ ዕድላዊት፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ የጠፋ ሳንቲም እንደሚፈልግ ሰው።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ!» አለ አሮን። ሊሻን ፈገግ ብላ ዝም አለች። ዕድላዊት አማርኛ እንደማይችሉ ነገረችው። ከዚያች ደቂቃ በኋላ «እማማ» ቀረና «እሷ» ሆነች።

«እሺ፣ በጣም እናመሰግናለን በያት። የአካባቢውን ጥበብ ከሳይንስ ጋር ስላገናኘችልን ኮርተንባታል በያት።»

ዕድላዊት ወደ እናቷ ዞረች። «ያመሰግናል» አለች በጋሞኛ። «ደኅና ነሽ? ለምን መሬት ላይ ተኛሽ?»

«አልጋዬን ለእንግዶች ለቅቄ ነዋ» አለች ሊሻን ወደ አርባዎቹ እያየች። «አንቺ ግን ከስተሻል። ጸጉርሽን ማን ነው እንደዚህ የተጫወተበት? ቁርስ በልተሻል?»

«ምን አለች?» አሮን።

«እንኳን ደህና መጣችሁ ትላለች።»

ፀደይ አንዱን አንጎል አንስታ ከፈተችው፣ ገጠመችው፣ እንደገና ከፈተችው፤ «የሚገርም ነው፣ እንዴት ሳትማር እንዲህ ሠራችው?» አለች። አሮን ክፍሏን ዙሪያዋን ካየ በኋላ ያንኑ ፈገግታ ሳያጥፍ ለፀደይ «ቶሎ ጭነን እንውጣ፣ ቁንጫ ይኖራል» አላት። ሊሻንም ፈገግ አለችለት። ቤቷን ዓርብ ዕለት ሁለቴ ጠርጋ፣ አንዴ በበረኪና አጥባው ነበር።

አንጎሎቹ በደረቅ የሙዝ ቅጠል ተጠቅልለው ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ሲገቡ ፀደይ ሐሳብ መጣላት። ሴትዮዋ አብራቸው ብትሄድና ልጆቹ ፊት ጭቃ ስትሠራ ቢያዩ አይሻልም? አሮን ሐሳቡን ወደደው፤ «የአካባቢው አርቲስት» የሚል ስም እዚያው ቆሞ አወጣላት። ዕድላዊት ፊቷ ተለወጠ። «እንድትመጪ ይፈልጋሉ» አለች በጋሞኛ፣ ቶሎ ቶሎ። «አይመቸኝም በይ። ላንቴ አጠገብ ነው የምንሄደው፣ ትደክሚያለሽ። እማ፣ እባክሽ።»

ሊሻን ልጇን ካየቻት አምስት ወር ሆኗታል። ዩኒቨርሲቲው ከቤቷ በባጃጅ ሃያ ደቂቃ ነው። እንደ ባዕድም ቢሆን አንድ ቀን ሙሉ አብራት ልትውል ነው፤ ለባዕድ ሰው ይህ ትንሽ አይደለም። ዕድላዊት «አይመቸኝም አለች» ብላ ሳትጨርስ፣ ሊሻን አንገቷን በትልቁ ነቅንቃ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንድ ላስቲክ ጭቃ ይዛ ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ ተቀምጣ ነበር። አሮን ሳቀ። «ይኼ ትርጉም አያስፈልገውም» አለ።

ላንቴ ድረስ መንገዱ ሙዝ ነው። ግራም ሙዝ፣ ቀኝም ሙዝ፣ ከፊት ደግሞ ሙዝ የጫነ አይሱዙ። ሊሻን የመጨረሻው ወንበር ላይ ከረጢቶቹን በክንዷ ደግፋ ተቀመጠች። ባሏ ታምሩ እዚህ ነበር ሙዝ ሲሸከም የኖረው፣ ወገቡ እስኪሰበር፤ ቀጥሎም ሌላው አካሉ። ዕድላዊት ያኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። አሁን ሁለት ወንበር ቀድማ ተቀምጣ ፀደይ ስለ አንድ የዶርም ልጅ የምታወራውን እየሰማች ትስቃለች። ሊሻን የልጇን ማጅራት ስታይ መጣች። እንደዚያ ስትስቅ ሰምታት አታውቅም ነበር፤ ለዚህ ብቻ እንኳ መንገዱ ይገባው ነበር።

ትምህርት ቤቱ ሙዝ እርሻው ዳር ያለ፣ በቆርቆሮ የተከደነ ነው። ወደ አርባ የሚሆኑ ልጆችና ሃያ ያህል ወላጆች አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀዋል። የተቀበሏቸው የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ዳልጮ ናቸው፤ የሙዝ እርሻ ባለቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ድምፃቸው ለስላሳ የሆነ ጨዋ ሰው። እንግዶቹን አንድ በአንድ ጨበጡ። ሊሻን ጋ ሲደርሱ የያዘችውን ጭቃ አዩና እጃቸው ሥራ አገኘ፤ ኮፍያቸውን ማስተካከል ነበረባቸው። ከዚያ ዕድላዊት ጋሞኛ ስትናገር ሰምተው ደስ አላቸው።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የታምሩ።»

«የትኛው ታምሩ?»

ዕድላዊት አንዲት ትንፋሽ ያህል ዘገየች። «የመምህር ታምሩ» አለች። «ከደጋ። ሞቷል።»

«እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር። የመምህር ልጅ ድሮም ያስታውቃል» አሉ አቶ ዳልጮ። ሊሻን ከረጢቱን እየፈታች ሰማች። ታምሩ ስሙን መጻፍ አይችልም ነበር፤ የደመወዝ ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን ነበር የሚያትመው። በሞተ በስምንት ዓመቱ ሹመት አገኘ። በሕይወት ያሉት እንኳ እንደዚህ በፍጥነት አያድጉም።

ትምህርቱ ተጀመረ። አሮን ጥሩ ተናጋሪ ነው፤ ይህን ሊሻንም አልካደችም። ፊት ያለው ክፍል ያቅዳል፣ ሰማያዊ ይቀባል። ኋላ ያለው ያያል፣ ቢጫ። አንጎሉን ከፍቶ መሐሉን አሳያቸው፤ «እዚህ ውስጥ የለውዝ ፍሬ የምታህል ነገር አለች። ፍርሃት እዚህ ነው። የማናውቀውን ሰው ስናይ ሳናስብ ቀድማ የምትጮኸው እሷ ናት። ቀይ ቀቧት» አለ። ልጆቹ ቀይ በቀይ ሆኑ። ሊሻን ውሃ ቀለሙ ሸክላው ውስጥ ሲሰምጥ አየች፤ መጀመሪያ ዘይት ነገር ማስጠጣት እንደነበረባቸው ማንም ቢጠይቃት ትነግራቸው ነበር። የተጠየቀችው ጭቃ እንድታድቦለቡል ብቻ ነው። አድቦለበለች። ልጆቹ ጸጥ ብለው እጇን ያዩ ጀመር፤ አንዲት የስምንት ዓመት የምትሆን ልጅ ተስባ መጥታ ጭቃውን ይዞ የሚሽከረከረውን እጇን ነካች። እናቷ ከኋላ መጥታ ልጅቷን ሳብ አደረገቻትና ጣቶቿን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችላት። በዝግታ፣ ያለ ቁጣ፣ ንፍጥ እንደምትጠርግ።

በመጨረሻ ጥያቄ ያለው ሲባል አቶ ዳልጮ ተነሡ። በጋሞኛ፣ ስለ ማዳበሪያ እንደሚጠይቅ ገበሬ በቅንነት ጠየቁ። «ይህ ያሳያችሁን አንጎል የእኛ ነው። የሸክላ ሠሪዎቹስ? እንደኛው ነው ወይስ ሌላ ነው? አባቶቻችን ሌላ ነው ይሉን ነበርና፣ ሳይንሱ ምን ይላል?»

ክፍሉ መልሱን ጠበቀ። ሊሻን እጇ ላይ ያለውን ጭቃ ጠፍጠፍ ማድረግ ቀጠለች።

«ምን አሉ?» አለ አሮን።

«የሁሉም ሰው አንጎል አንድ ዓይነት ነው ወይ እያሉ ነው።»

አሮን ፊቱ በራ። ይህን ጥያቄ ነበር ሲጠብቅ የኖረው፤ ካናቴራውም የታተመው ለእሱ ነው። አንድ የሸክላ አንጎል አንስቶ መጀመሪያ በራሱ ጭንቅላት አጠገብ፣ ከዚያ በአቶ ዳልጮ ጭንቅላት አጠገብ፣ ከዚያ በሊሻን ጭንቅላት አጠገብ ያዘው። «የእኔም፣ የእርሳቸውም፣ የእሷም አንድ ነው። ኪሎ ተኩል አይሞላም።» ዕድላዊት መልሱን በትክክል ተረጎመችው። አቶ ዳልጮ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የተማረ ሰው ንግግር ደስ ይላል አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ፀደይ የጭብጨባውን ፎቶ አነሳች።

አቶ ዳልጮ ግን ገና አልተቀመጡም። ምናልባት አንድ ደግ ነገር ማድረግ እንዳለባቸው ተሰምቷቸው ይሆናል። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሻንን አነጋገሯት። «አንቺስ» አሉ፣ «ልጆች አሉሽ? ይማራሉ?»

ሊሻን ቀና ብላ ልጇን አየቻት። ዕድላዊት ካናቴራዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። ሊሻን በኋላ ራሷን ብትጠይቅም ያን መልስ የሰጠችው ልጇን ልታድናት ይሁን ልትወጋት መለየት አልቻለችም።

«የለኝም» አለች።

«ምን አለች?» አለ አሮን።

«ልጅ የለኝም አለች» አለች ዕድላዊት። ከሊሻን አፍ ከወጣ ቃል ሳይጨመር ሳይቀነስ የተተረጎመ በዚያ ቀን ይኼ ብቻ ነበር።

ምሳ የተዘጋጀው አቶ ዳልጮ ቤት ነው፣ ከትምህርት ቤቱ አምስት ደቂቃ በእግር። ሳሎኑ ሰፊ ነው። በዳንቴል የተሸፈነ ሶፋ፣ መስታወት ያለው ቁምሳጥን፣ የቴሌቪዥኑ ማስቀመጫ ላይ የሠርግ ፎቶ፣ ግድግዳው ላይ «ሁላችን በክርስቶስ አንድ ነን» የሚል ጥልፍ። አንድነቱ እስከ ምሳ ሰዓት የሚሠራ ይመስላል። የአቶ ዳልጮ ባለቤት ወይዘሮ አገርነሽ፣ ወፈር ያለች፣ ሳቂታ ሴት፣ በሩ ላይ ቆማ እንግዶቿን እጅ ታስታጥባለች። ሊሻን ተራዋ ደርሶ እጇን ስትዘረጋ ወይዘሮ አገርነሽ ማስታጠቢያውን ከፍ አድርጋ፣ እንደ ዝናብ ከሩቅ አፈሰሰችላት። «እህቴ፣ አንቺ ማንጎው ሥር ይሻልሻል፣ ነፋስ አለ» አለቻት በጋሞኛ። ድምፅዋ እውነተኛ ደግነት ነበረው። ነፋሱም እውነት ነበር።

ሊሻን ማንጎው ሥር ተቀመጠች። የሙዝ ቅጠል ተነጥፎላት እንጀራና የተጠበሰ ዓሣ፣ ከጎኑ ትንሽ የቃሪያ ዳጣ ተደረገላት። ዓሣው የጫሞ ነው፣ የእሷ ድርሻ ግን ወደ ጭራው ነው። በሩ ገርበብ ስላለ ሳሎኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ታያለች። ጠረጴዛው መሐል የዓሣው መረቅ የሚንተከተክበት የሸክላ ድስት ተቀምጧል። ጠርዙን አይታ አወቀችው፤ ባለፈው ዓመት ሲቀላ የሸጠችው ነው። ድስቷ ሳሎን ገብታለች። የቤቱ እመቤት ወንበር የሰጠቻት ይመስል ጠረጴዛው ላይ ተደላድላ ተቀምጣለች።

«እሷ ለምን ውጪ ተቀመጠች?» ሲል ሰማችው አሮንን።

«ነፋስ ትወዳለች» አለች ዕድላዊት። «ባህልም ነው።»

«በቅጠል መብላት እንዴት ያምራል!» ፀደይ ስልኳን ይዛ በር ላይ ወጣች። «ደግሞ ለአካባቢ ጥበቃ ጥሩ ነው፤ እቃ የለ፣ ሳሙና የለ።» ሊሻን ጭራውን እየፈለቀቀች ፎቶ ተነሣች።

ውስጥ ሦስቱ ተማሪዎች፣ አቶ ዳልጮና ባለቤታቸው አንድ ትሪ ከበቡ። ወይዘሮ አገርነሽ ዓሣውን ከአጥንቱ ለይታ፣ በዳጣ ነክራ፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ ዕድላዊት አፍ አስጠጋች። «ብዪ፣ የመምህር ልጅ። እናትሽ ምን ያህል ትኮራብሽ ይሆን።» ዕድላዊት ጎረሰች። ሊሻን ከማንጎው ሥር ሆና የልጇ ጉንጭ ሲሞላና ሳይጎድል ሲቆይ አየች። ልጅቷ አላኘከችም። ወይዘሮ አገርነሽ ሁለተኛውን ጠቅልላ ጠበቀች፤ ጉርሻ ሁለት ካልሆነ ያጣላል። ዕድላዊት እንደ ምንም ዋጠችው፣ «ይቅርታ» አለች፣ ተነሣች። እጅ ለመታጠብ የምትወጣ መስሏቸው ማንም አልከለከላትም።

ወደ ውሃው አልሄደችም። መጥታ ከእናቷ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጠችና እጇን ወደ ሙዝ ቅጠሉ ዘረጋች።

ሊሻን እጇን ይዛ አቆመቻት። «ተመለሺ» አለች በጋሞኛ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «አብደሻል? ከዚህ ከበላሽ እዚያ ትሪ ላይ ዳግመኛ እጅሽን አያስገቡሽም።»

«አውቃለሁ።»

«ከትሪው ቀጥሎ ወሬው ነው የሚመጣው። ዶርምሽ ድረስ።»

«አውቃለሁ፣ እማ።»

«መምህር አባትሽን ገና ዛሬ ሾመሽው ዛሬውኑ ልታባርሪው ነው? ደግሞ ይኼ ጭራ ነው፤ ሥጋው ያለው ውስጥ ነው።»

ዕድላዊት ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰብሮ ሌላ ነገር ሆነ። በእናቷ ጣቶች መሐል እጇን አሾልካ አንድ ቁራሽ አነሣችና በላች። ፀደይ ስልኳን ይዛ ተከትላት በሩ ላይ ወጥታ ስለነበር ይህንንም ፎቶ አነሣችው።

ወይዘሮ አገርነሽ ሁለተኛውን ጉርሻ በእጇ እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቆማለች። ከሁለቱ ፊት ወደ አንዱ፣ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው አየች። ግንባሩ፣ ቅንድቡ፣ አገጩ፤ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው የነበረ ነገር ነው፣ ያልታየው ማንም ስላልፈለገው ነው። ጉርሻውን ውሻው ወዳለበት ጣለችው፣ ወደ ውስጥ ገባች፣ «ምግቡ ቀዝቅዟል» ብላ ትሪውን እንዳለ አንሥታ ወደ ጓዳ ሄደች። አሮን ሊጎርስ ያዘጋጀውን ይዞ ትሪው የነበረበትን ቦታ ተመለከተ። አቶ ዳልጮ ወደ ጣሪያው አዩ።

አሮን ቁራሹን በእጁ እንደያዘ ወጣ። «ምን ተፈጠረ?» አለ ዕድላዊትን። «ምን እያለችሽ ነው?»

ዕድላዊት አፏ ሙሉ ነበር።

«ብዪ እያልኳት ነው» አለችው ሊሻን፣ በአማርኛ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠች። «ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ነው የመጣችው። አንተም ቁጭ በል፤ ቁንጫ የለም።»

አሮን ፊቱ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ በዚህች ሴት ፊት የተናገረውን ሁሉ እየቆጠረ እንደሆነ ታየበት፤ ረጅም ነበር። ከዚያ፣ ይህንንም ሊሻን አልካደችለትም፣ ቁጭ አለ። መሬት ላይ። መቀመጥ ግን ያውቃል እንጂ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ አያውቅም ነበርና፣ ያንኑ የቀዘቀዘ ቁራሽ ጎረሰ።

ከመሄዳቸው በፊት አቶ ዳልጮ አሮንን ሚኒባሱ አጠገብ ለብቻው አናገሩት። አንድ ትልቅ ዘለላ ሙዝ ሰጡት፤ ስለ ትምህርቱም አመሰገኑት። ለሌላ ጊዜም እንዲመጡ ጋበዙ። «አስተርጓሚ ግን ሌላ ብታመጡ» አሉ በዚያው ለስላሳ ድምፅ። «ልጅቷ ደክሟታል።»

በመልስ መንገድ ፀደይ ስልኳን ትነካካለች። አሮን ሙዙን ጭኑ ላይ ይዞ ከፊት ተቀምጧል። ላንቴን አልፈው ትንሽ እንደሄዱ ሳይዞር «ሌላ አስተርጓሚ አምጡ አሉኝ» አለ። «ትምህርቱን ግን ወደውታል። አጨበጨቡ እኮ። አልገባኝም።»

«ይገባሃል» አለች ዕድላዊት። «ቀስ ብሎ።»

«ያቺ ቀይ የቀባችኋት ፍሬ ናት» አለች ሊሻን ከኋላ። «ልጆቹ ላይ ነው የቀባችኋት። ሽማግሌዎቹንም መቀባት ነበረባችሁ።»

የኮረኮንቹ መንገድ ጋ ሚኒባሱ ሲቆም ዕድላዊት አብራት ወረደች። ፀደይ «ዶርም አትመጪም?» ስትላት «ቆይቼ እመጣለሁ» አለች። አሮን ወርዶ በሩን ያዘ፤ «እማማ» አለና ሙዙን ሰጣት። ሊሻን ተቀበለችው፤ ሙዝ ምን አደረገ።

ቤት ሲገቡ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። አልጋው ላይ የአንጎሎቹ የቀይ አፈር ዱቄት ቀርቷል፤ ሊሻን አራግፋ ለልጇ ቦታ አበጀችላት፣ ራሷ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ከጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። ሊሻን ሙዝ ላጠች፣ ሰጠቻት፤ ልጅቷ ግማሹን ቆርሳ መለሰችላት። ቤተሰብ ሲጣላ ከሚናገረው ይልቅ የሚበላው ይበዛል።

«ተናደድሽብኝ?» አለች ዕድላዊት በመጨረሻ።

«በየትኛው?»

ልጅቷ በጣቷ መቁጠር ጀምራ ተወችው።

«አባትሽን መምህር ማድረግሽ ደኅና ነው» አለች ሊሻን። «ቢሰማ ይስቅ ነበር። ለክፉ ቀን የሚሆን ሙያ ነው ይል ነበር። ‹የለኝም› ያልኩት ግን…» ቆመች። የሙዙን ልጣጭ አጣጠፈች፣ ዘረጋች፣ እንደገና አጣጠፈች። «አፌ ውስጥ መጥፎ ነበር።»

«በእኔም አፍ ውስጥ አልፏል» አለች ዕድላዊት። «ተርጉሜዋለሁ እኮ።»

ስልኳ ነዘረ። ከዚያ ደጋገመ። የክበቡ የቴሌግራም ቡድን ነው፤ ከሦስት መቶ በላይ ተማሪ ያለበት። ፀደይ ገና መንገድ ላይ ሳለች ፎቶ ለጥፋለች፤ ማንጎው ሥር፣ ሁለት ሴቶች በሙዝ ቅጠል ዙሪያ፣ አንዷ ነጠላ አንዷ ነጭ ካናቴራ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፤ «በጎ ፈቃደኛችን ዕድላዊት ከማኅበረሰቡ ጋር ማዕድ ስትቋደስ። ፍቅር በተግባር!» ስልሳ ሰባት ሰው ልብ አድርጎበታል። አንዱ «የእውነት ትሕትና» ብሏል። ሌላው «ለነሱ እንኳን ዝቅ ማለት ትልቅነት ነው» ብሎ ሁለት እጅ አጋጥሟል።

ዕድላዊት ብዙ ጻፈች፣ አጠፋችው። እንደገና ጻፈች፤ ያኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ይረዝም ነበር፣ አጠፋችው። ሊሻን የልጇ አውራ ጣቶች ስክሪኑ ላይ ሲሮጡና ሲቆሙ አየች። በመጨረሻ የቀረው አጭር ነበር። «ማኅበረሰቡ አይደለችም። እናቴ ናት።» ላከችው። ስልኩን ፊቱን ወደ ታች ጭኗ ላይ ደፋችውና በሁለት እጇ ተጫነችው፣ እንዳይነሣ እንደምትፈራ።

«ምን ጻፍሽ?» አለች ማንበብ የማትችለው እናቷ።

ነገረቻት። ስልኩ ከዕድላዊት እጆች ሥር መንዘር ጀመረ፤ አንዴ፣ ቆይቶ አንዴ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ። ሊሻን በርጩማዋን ሳብ አድርጋ ወደ አልጋው ተጠጋች፣ ስልኩን ከልጇ ጭን ላይ አነሣችው፣ ገልብጣ ከዓይኗ አርቃ ያዘችው። መልእክቶቹ ከሥር እየተጋፉ ሲመጡ እሷ ከላይ ያለውን ፎቶ ብቻ ነበር የምታየው።

«ፎቶው ላይ አፌ ሙሉ ነው» አለች። «ሌላ የተሻለ አልነበራቸውም?»